የሞላ ሰፊ ሜዳ

ፍኖተ ሰላም፣ ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ብዕሩን የያዘችው ልጄ የሺ ናት፤ ቃሉ ግን የኔ ነው።

ዛሬ ልጆቻችን ቡሬ ላይ በኳስ ተሸነፉ። የቡሬን ሜዳ የሰጠው ታናሽ ወንድሜ ሞላ ነው። እዚህ እኔ በሰጠሁት ጠባብ ሜዳ የኛ ልጆች የቡሬን ሯጭ አጥቂ ሁለት ሆነው ጥግ ያስይዙት ነበር። እዚያ ግን ስፋቱ ክንፍ ሆነለት፤ የኛዎቹ ተበታትነው ትንፋሽ አጠራቸው። ሰዉ ተጫዋቹን ትቶ ሞላን እጅ ነሣው። እሱም ሳቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ የእርስዎ ሜዳ እኮ ጥጃ ማሰሪያ ነው» አለኝ።

ማታ እራት ላይ ውሳኔዬን ተናገርኩ። ከሜዳዬ ጎን ያለው የጤፍ መሬቴ ከእንግዲህ አይታረስም፤ ለሜዳው ማስፊያ ይሁን። ባለቤቴ፣ «እኛስ ኳስ ልንበላ ነው?» አለች።

በይ የሺ፣ አንብቢልኝ። «ቀናሁ» የሚል ካስገባሽ ሰርዢው፤ እኔ አላልኩም።