የኮኮቤን ፎቶ ከማስታወቂያ ሰሌዳዎ ስለማንሳት

ቤሩት፣ የካቲት 2012 ዓ.ም. (እዚህ አገር ሽባት 2020 በሚሉት)

ይድረስ ለተከበሩ ወንድም ባርናባስ፣ የ«ሐበሻ ገበያ በቤሩት» የኢንተርኔት ማስታወቂያ ሰሌዳ መሥራች፣ ዋና አስተዳዳሪ፣ ብቸኛ አጽዳቂ እንዲሁም የውጤታማ ማስታወቂያ አጻጻፍ አሠልጣኝ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ፣ ለስልክዎ ባትሪና ለአሥራ አንድ ሺህ ተከታዮችዎ ያለኝን መልካም ምኞት እጅ ነስቼ አቀርባለሁ። መብራቱ እየጠፋ፣ መንገዱ በጎማ ጭስ እየተዘጋ፣ ባንኩ በሩን እየቆለፈ ባለፈው በዚህ የቤሩት ክረምት የእርስዎ ሰሌዳ አንድም ቀን ሳያርፍ መሥራቱ እጅግ የሚያስመሰግን ነው። እኔ ሰርካዲስ እባላለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ካገለገልኩ በኋላ ካራንቲና በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከአሉሚኒየም ወርክሾፕ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ፀጉር እየሠራሁ እኖር ነበር። አሁን እንዲያ እየኖርኩ ላለመሆኔ የእርስዎ አስተዋጽኦ ከፍተኛ ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

ከዚያ በፊት ግን ክፍሏን እኩል የከፈትናትን የሥራ ባልደረባዬን ላስተዋውቅዎ። በዚህ ደብዳቤ ኮኮቤ እያልኩ እጠራታለሁ፤ እውነተኛ ስሟን እርስዎ ለአሥራ አንድ ሺህ ሰው ስላሳወቁ እኔ መድገም አያስፈልገኝም። ኮኮቤ ከአሠሪዋ ከማዳሟ ቤት የወጣችው ሁለት ዓመት በር ተቆልፎባት ከኖረች በኋላ ነው፤ ፓስፖርቷም ዛሬም ማዳሟ መሳቢያ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለች ሴት ከተያዘች ወይ ወደዚያው ቤት ትመለሳለች፣ ወይ ታስራ ትሸኛለች። ይህን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ቢሆንብኝም፣ እንደማያውቅ ሰው ስለሠሩ አስረዳሁ።

አንደኛ፤ የቀድሞው ማስታወቂያዬን ጉድለት ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ለሦስት ዓመት የጻፍኩት «ሹሩባ፣ ስፌት፣ ካስክ። ካራንቲና። ደውይና ነይ።» የሚል ብቻ ነበር። የምትደውለዋን ማን እንደላካት እንጠይቃታለን፤ ከሕንፃው ፊት ለፊት ያለው ፋርማሲ ጋ ስትደርስ እንደገና ትደውላለች፤ አንዳችን በመስኮት አሻግረን እናያታለን፤ ብቻዋን ከሆነች ወርደን እናመጣታለን። ቤሩት ያለች ሐበሻ ሁሉ ይህን ሥርዓት ታውቀዋለች፤ በእሁድ ፈቃዷ ከራስ ቤሩት የምትመጣዋም፣ ከኻልዴ በሰርቪስ ታክሲ ተጨናንቃ የምትደርሰዋም ፋርማሲው ጋ በመቆሟ ቅር ተሰኝታ አታውቅም። እርስዎ ግን ይህን ማስታወቂያ አንዴ «አድራሻው ያልተሟላ»፣ አንዴ «ፎቶ የሌለው»፣ በመጨረሻም «ደንበኛን የማይስብ» ብለው ሦስት ጊዜ መለሱልኝ። እውነትም ሁሉን ሰው አይስብም ነበር፤ የተጻፈውም ሁሉን ሰው እንዳይስብ ነበር።

ሁለተኛ፤ ከእሁድ አምልኮ በኋላ በኪራይ አዳራሻችን ስለሰጡን ሥልጠና አመሰግናለሁ። ከጥቅምት ወዲህ በሕዝቡ ተቃውሞ መንገዱ ሲዘጋ፣ ማዳሞችም በግርግሩ አሳበው የእሁድ ፈቃድ ሲከለክሉ፣ ወንበሮቻችን ባዶ መዋል ጀምረው ነበርና ደብተር ይዤ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ርዕሱ ዓይን ይያዝ፣ ፎቶው የባለሙያዋን ፊት ያሳይ፣ አድራሻው እስከ ፎቁ ቁጥር ይጻፍ፣ ገበያው እንዲሰፋ በዐረብኛም ይተርጎም አሉን። ምግብ አብስላ የምትሸጠው መቅዲ እጇን አውጥታ «ወንድም ባርናባስ፣ ያኒ፣ ማለቴ ፊታችንን ማዳሞቻችን ቢያዩትስ?» ብላ ስትጠይቅ፣ «እህቴ፣ ፍርሃት የንግድ ጠላት ነው፤ ያላ፣ ወደሚቀጥለው» ብለው ያለፉበት ፍጥነት እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። መቅዲ ደብተሯን አጥፋ ወጣች። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ቀረሁ።

ሦስተኛ፤ ቅጹን ስላደሉን አመሰግናለሁ። «ለአስተዳደሩ ብቻ የሚቀመጥ የማረጋገጫ ቅጽ» ተብሎ ከላይ ተጽፎበት ነበር፤ የሠራተኞች ሙሉ ስም፣ የሥራ ቦታ እስከ በሩ፣ ፊት የሚያሳይ ፎቶ ይጠይቃል። ጥፋቴን አልደብቅም። እኔ በዚህ አገር ዘጠኝ ዓመት ስኖር የትኛውም መሥሪያ ቤት የሰጠኝን ወረቀት ሳላስነብብ ፈርሜ አላውቅም፤ የእርስዎን ግን ከመታደሉ በፊት ስለጸለዩበት ዓይኔን ጨፍኜ ሞላሁት። ኮኮቤ «ፎቶዬን ተይው፣ ሰርኬ» ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ «ወንድማችን እኮ ነው፣ እሱ ጋ ብቻ ነው የሚቀመጠው» ብዬ ያሳመንኳት። ይህ ዓረፍተ ነገር በየቀኑ ይቆጠቁጠኛል፣ ይህንንም ያለ ምንም ሽሙጥ ነው የምጽፍልዎ።

አራተኛ፤ ስላገኘነው ውጤት አመሰግናለሁ። በማግስቱ የቅጹን መረጃ ከላይ እስከ ታች ገልብጠው፣ የኮኮቤን ፊት በወርቃማ ክብ ውስጥ አስገብተው፣ «ቦታው ሳይሞላ ፍጠኑ!» የሚል ርዕስ ሰጥተው፣ በአማርኛና በዐረብኛ ለጠፉት። በስድስተኛው ቀን የፈጠነችው የኮኮቤ ማዳም እህት ነበረች። ፋርማሲው ጋ መቆም አላስፈለጋትም፤ ፎቁንም በሩንም ስላወቀች «ቦንጁር» ብላ ገብታ፣ ስልኳን ከፍ አድርጋ አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ የኮኮቤን ፊት አየች። ኮኮቤ የደንበኛችንን የውባየሁን ፀጉር እያጠበች ነበር፤ ሴትየዋን በመስታወት ስታያት እጇን እንኳ ሳታደርቅ በኋላ በር ወጣች። ሴትየዋ ወንበራችን ላይ እግሯን አነባብራ ተቀምጣ ፖሊስ ጠራች። ፖሊሶቹ ወርክሾፑን ሲፈትሹ ባለቤቱ «ማ ፊ ሐዳ፣ ማንም የለም» ብሎ ጸና፤ ልጅቱ ከበስተጀርባው ከአሉሚኒየሙ ክምር ሥር ነበረች። ይህ ሰውዬ ጸሎት ቤታችንን አያውቀውም፣ ሰሌዳዎንም አልተከተለም። ውባየሁ ሻምፑው ጭንቅላቷ ላይ እንዳለ በዝናብ ወጥታ ሄደች፣ አከራያችንም በሦስተኛው ቀን የክፍላችንን ቁልፍ ለወጠ።

ክፍሏ ትቅር፤ ለእሷ አይደለም የምጽፈው። የምጽፈው ማስታወቂያው እስከዚህች ሰዓት ከሰሌዳዎ አናት ላይ ስላልወረደ ነው። በዚያው ቀን ስልክ ስደውልልዎ «ፓርዶን እህት ሰርካዲስ፣ የመዝሙር ልምምድ ላይ ነኝ፤ ማስታወቂያው ያኒ በጣም እየሄደ ነው፣ አሁን ብናነሳው ሰሌዳው ይወድቃል» አሉኝ። በሁለተኛው ጥሪ ደግሞ ሥርዓት መከበር ስላለበት የማስነሻ ቅጽ እንድሞላ ላኩልኝ፤ የዚህ ቅጽ አራተኛ ጥያቄ «በፎቶው ላይ ያለችው ሠራተኛ አሁን የምትገኝበት ሙሉ አድራሻ» ይላል። ይህን ጥያቄ ማን እንዳረቀቀው አላውቅም፤ ማዳሟ ራሷ ብታረቅቀው ግን ከዚህ የተሻለ ልታደርገው አትችልም ነበር። አልሞላሁትም። እርስዎም ጥያቄዬን «ያልተሟላ» ብለው መለሱልኝ።

ከዚያ ወዲህ ኮኮቤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ቤት ቀይራለች። አስጠጊዋ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ታቅፋታለች፤ በሁለተኛው ቀን ማስታወቂያው በሰው በሰው ስልኳ ላይ ይደርስና ፊቷ ይጠቁራል። ማንንም አልወቅስም፤ ሁሉም በር የሚንኳኳበትን ሰዓት ይፈራል። ማዳሟም ማስታወቂያውን እያጋራች «ያያት ይደውልልኝ» የሚል ጨምራበታለች፤ እሱም በእርስዎ አቆጣጠር አንድ ተጨማሪ ተሳትፎ ሆኖ ተመዝግቦ ይሆናል።

አሁን ቁጥር ልሰጠው ወዳልቻልኩት ልምጣ። ባለፈው እሁድ ኮኮቤ በሻርፕ ተሸፋፍና አብራኝ ወደ አዳራሹ መጣች፤ «እዚያ እንኳ ገብቼ ሰው ልምሰል» ብላኝ ነው። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ከአምልኮው በኋላ እርስዎ ለአዲስ ሠልጣኞች ፕሮጀክተር አበሩና የኮኮቤ ፊት ግድግዳውን ሞላው። «ውጤታማ ማስታወቂያ ማለት ይህ ነው፤ በአንድ ሳምንት ሁለት መቶ ጊዜ የተጋራ» አሉ፣ ተጨበጨበም። ከዚያ አንዷ ዞረች፣ ሌላዋም ዞረች፣ ረድፉ ሁሉ ወደ እኛ መዞር ጀመረ። ኮኮቤ ጆሮዬ ላይ «ኸላስ፣ በቃ ሰርኬ፣ እንግዲህ እዚህም መምጣት ቀረ» ብላ ተነስታ ወጣች። እርስዎም ያን ጊዜ አንገትዎን ደፍተው፣ በማስታወቂያው ላይ ለምትታየው እህታችን፣ ባለችበት ጌታ እንዲጠብቃት ጸለዩ። ደረጃውን ገና ወርዳ አልጨረሰችም ነበር። በሕይወቴ የዚያን ቀን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም፣ የጠላሁትም እርስዎን ነው።

ሙያውን ከእርስዎ ተምሬ ምክር ለመስጠት መድፈሬን ይቅር ይበሉኝና፣ ለሚቀጥለው ሥልጠናዎ አንድ ሐሳብ ልጨምር። የኛ ሰው ማስታወቂያ ሲጽፍ መጀመሪያ የሚያስበው ማን እንዲያገኘው እንደሚፈልግ ሳይሆን ማን እንዳያገኘው ነው። ስልክ ቁጥር ጽፈው ስም የሚተዉ፣ ሰፈር ጽፈው ፎቅ የሚተዉ፣ የእጃቸውን ሥራ አሳይተው ፊታቸውን የሚተዉ እህቶች ሰነፍ ጸሐፊዎች እየመሰሉዎት ስንቱን መልሰዋል! እነሱ ከእርስዎም ከእኔም የበለጠ ጽሑፍ ያውቃሉ። እኔም አውቅ ነበር፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ አስረሱኝ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ክፍሏን አይመልሱልኝ፣ ይቅርታም አይጠይቁ፣ እባክዎ ደግመውም አይጸልዩላት። ፎቶዋን፣ ስሟንና ዐረብኛውን ዛሬውኑ ያንሱ፤ ኮኮቤ የምታድርበት አራተኛ ቤት የለኝም።

ላሳዩን አመራር፣ ለሰጡን ዝናና ለነፈጉን መጠለያ ያለኝን የማያልቅ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ተከታዮችዎ እንዲበዙ፣ እርስዎን የሚፈልግ ሰው ግን ሁልጊዜ በደግ ብቻ የሚፈልግዎ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣
ሰርካዲስ፣ የቀድሞ ፀጉር ሠሪ
አድራሻ፦ ያልተሟላ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በመጀመሪያ ያረቀቅኩት እርስዎ ባስተማሩን ሕግ ነበር። ፎቶዎን አስገብቼ፣ የሚያድሩበትን ሕንፃ እስከ ፎቁ ጽፌ፣ ስለ መኖሪያ ወረቀትዎ የማውቀውን ጨምሬ፣ ዐረብኛውንም አስተርጉሜ ልለጥፈው ስል ኮኮቤ አየችውና «ሰርኬ፣ ይሄ በሰው አይደረግም» አለችኝ። እኔ እስካሁን ይደረጋል ባይ ነኝ፤ ለእሷ ብዬ ግን አጠፋሁት። ማጥፋት አንድ ጣት ነው የሚፈልገው፣ ሞክሬ ስላየሁት ልንገርዎ ብዬ ነው።