የካሮቱ ቢጫ

ጥቅምት 9
ካሮቱ ከሳጉሬ ገባ። ጥሩ ነው፣ ይጣፍጣል። ባሌ በእውቀቱ ዛሬም የቲቢውን ክኒን ሲውጥ ፊቱን አጨማደደ። ባል ነው ሕፃን! አንድ ብርጭቆ የካሮት ጁስ ሰጠሁት። "ክኒኑ ሳንባህን ያክማል፣ ይሄ ጉበትህን ይጠብቃል።" ሬዲዮ ላይ ሰምቼ ነው... አንቲኦክሲዳንት ይሉታል። ጁስ ቤቴ ለሚገባው ሁሉ እሱኑ ስሰብክ ነው የምውለው።

ጥቅምት 20
መዳፉ ቢጫ ሆኗል። የእኔም። ጎረቤቴ ዙቤዳ "ባልና ሚስት ካሮት ሆናችሁ አረፋችሁት!" ብላ ሳቀችብን። እኛም ሳቅን።

ጥቅምት 25
ምግብ አስጠላው። አስመለሰው። ሽንቱ ጥቁር ሻይ... ከካሮቱ ጋር የጨመቅኩት ቀይ ስር ነው አልኩት። ጁሱን ጨመርኩለት።

ጥቅምት 28
ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።
ዙቤዳ ልትጠይቀው ገብታ፣ ገና እንዳየችው ወደ ጓዳ ጎተተችኝ። "ያ ረቢ! ትርፌ፣ ዓይኑን አይተሽዋል?" መስታወት ፊት ቆምኩ። መዳፌ ቢጫ፣ ዓይኔ ግን ነጭ። የእሱ ዓይን የእንቁላል አስኳል ነው። ካሮት አይደለም! ክኒኑን ሲሰጡን "ካስመለሰው፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ቶሎ ኑ" ብለውን ነበር። እኔ ጁስ እጨምራለሁ... ምን ነካኝ?

ሆስፒታል ልንወጣ ስንል እናቱ እማማ ተሻለች ከጢቾ ደረሱ። ለካ ደውሎላቸዋል። "የወፍ በሽታ ነው! መርፌ ከነካው አለቀለት!" ከአዋቂ ያመጡትን ቅጠል በጥብጠው ሰጡት። "ቅጠል ምን ይጎዳል?" አሉኝ። እኔም ስለ ካሮቱ እንዲሁ ነበር የማስበው! ብርጭቆውን ከእጁ ነጥቄ ደፋሁት።
"ልጄ ቢሞት ገዳዩ አንቺ ነሽ።"

ሆስፒታል ነርሱ ደም ሊቀዳ ሲል በእውቀቱ እጁን ሸሸገ። እማማ በሩ ላይ ያለቅሳሉ። ለመንኩት። አየኝና "ብሞት ዘመዶቼ እዚህ አገር አያስቀምጡሽም፣ ያኔ ሂጂ" ብሎ ክንዱን ዘረጋ።

ጉበቱን የጎዳው ክኒኑ ነው። እንዲያቆም ተደረገ። "ካሮቱስ?" አልኳት ሐኪሟን። "ካሮቱ አልጎዳውም። ክኒኑን ግን አይመክትለትም። ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ..." አልጨረሰችውም።

ኅዳር 3
አይበላም። ደሙን እንደገና ቀዱት። እማማ መርፌ ባዩ ቁጥር እኔን ይገላምጡኛል። አምላኬ፣ ተሳስቼ ቢሆንስ?

ኅዳር 14
አጥሚት ጠየቀ! ዓይኑ እየጠራ ነው። እማማ "አንቺስ በልተሻል?" አሉኝ። ቅጠሉን ከደፋሁ ወዲህ አናግረውኝ አያውቁም። ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ።

ኅዳር 27
በእውቀቱ ቤት ገብቷል። ሐኪሟ እንዳዘዘችው የቲቢውን ክኒኖች አንድ በአንድ፣ ደሙን እየተመረመረ እንደገና ጀምሯል።

ዛሬ አንዲት ልጅ መጣች። "እትዬ፣ ካሮት ለጉበት ፍቱን ነው ብለው ነበር። ለአባቴ ይጭመቁልኝ።" ቢላዋዬን አነሳሁ... አስቀመጥኩት።
"አባትሽን ያስመልሳቸዋል?"
"አዎ።"
"ዓይናቸውስ?"
"እኔ እንጃ። አላየሁትም።"
ጁስ ቤቱን ለዙቤዳ አደራ ብዬ ከልጅቷ ጋር ቤታቸው ሄድኩ። ቢጫ ነው። ሆስፒታል የሚያደርሳቸውን ባጃጅ እኔው ጠራሁ።