ወደ ፖም ዛፉ የመጣው ድብ

ለምወድህ ልጄ ለኩርቲስ፦ እኛ እዚህ ሞንታና ደህና ነን፤ አንተስ እንዴት ከርመሃል?

ባለፈው ወር አንድ ትልቅ ግሪዝሊ ድብ ጓሯችን ገብቶ ከፖም ዛፉ ሥር የወደቀ ፍሬ ሲለቅም ነበር። አባትህ፣ «የሌላንድ ላም ደግሞ መጣች!» ብሎ በከዘራው ጀርባውን ቢዠልጠው፣ ድቡ ራሱ ግራ ገብቶት ሄደ። ጎረቤታችን ሌላንድ ይህን ሰምቶ፣ «ኦርቪል፣ ምነው ሳታልባት ሰደድካት?» እያለ የሰፈር መሳቂያ አደረገው።

አባትህ በንዴት ጠመንጃውን ይዞ በረንዳ ላይ መዋል ጀመረ። ትናንት ተኮሰና፣ «ጣልኩት!» ብሎ ጮኸ። ሄጄ ሳይ ውሻችን ሮስኮ ነው። አባትህን «ስተኸዋል» አልኩትና ውሻውን ብቻዬን ቀበርኩት። ዛሬ ቀኑን ሙሉ እያፏጨ ሮስኮን ሲጠራ ዋለ።

ለበዓል ስትመጣ ያን ጸጉራም ቡናማ ካፖርትህን አትልበስ። ከአጥሩ በር ጀምረህ ጮክ ብለህ ስምህን እየጠራህ ግባ። ድቡስ ከሄደ ቆይቷል።

በሰላም ገብተህ ለመተያየት ያብቃን።

እናትህ ማርዲስ