ቁጥር የሌለው መለኪያ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ።

ብዕሩን የያዘው ጡረታ የወጣው ጎረቤቴ ፖስተኛው ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። ከአፌ ያልወጣ አንድም ማሳመሪያ እንዳይጨምር አስጠንቅቄዋለሁ። ባለፈው ደብዳቤ ላይ «በናፍቆትሽ የምቃጠለው ወንድምሽ» ብሎ የከተተው እሱ ነው። እኔ አልተቃጠልኩም፤ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

ለመሆኑ አንቺ እንዴት ነሽ እትዬ? ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? ዓይንሽስ ከሕክምናው ወዲህ ተሻለው? ያ ደረጃ የበዛበት ቤት አሁንም ያደክምሻል? ስልክ እንዳልደውል «ማን? ምን አልክ?» እያልሽ ሁለታችንንም ታስጮኺናለሽ፤ ስለዚህ ነገሬን በወረቀት ስሚኝ። እኔ ከወገቤ በቀር ሁሉ ነገሬ እንዳለ ነው። ምላሴማ ሰሞኑን ሥራ አልፈታም።

ያናደደኝን ልንገርሽ። የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት የድሮ የሙያ ዕቃዎችን ደርድሮ ለሕዝብ ሊያሳይ ነው፤ የሚከፈተው ሐሙስ ነው። ኃላፊዋ መጥታ የአባትዎን የአንጥረኝነት ዕቃ ያውሱኝ አለች፤ ደስ ብሎኝ ሰጠኋት። ብረት የሚቀጠቀጥበትን መስፍ፣ ጉጠቱን፣ ወናፉን እያነሣሁ ለምን ለምን እንደሆኑ ነገርኳት፤ እሷም በየካርዱ ጻፈች። ከሣጥኑ ሥር ግን ያቺ ክብ ብረት ወጣች። የሻይ ሰሃን የምታክል፣ ስስ፣ በእንጨት እጀታ ጫፍ ላይ እንደ ልብ የምትሽከረከር፣ ጠርዟ ላይ አንዲት የተፋቀች ምልክት ያለባት። «ይቺስ ምንድን ናት?» አለችኝ። «መለኪያ ናት» አልኩ። «የምን መለኪያ?» ብላ ብዕሯን ደግና ጠበቀች። አባታችን መለኪያ ሲላት ከመስማቴ በቀር የምን እንደሆነች አላውቅም፤ በሰባ ስምንት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «እንጃ» አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሁሉ ሊቅ ሆነ። ልጄ ሊጥ መቁረጫ ናት አለች። ይኸው ጸሐፊዬ ደግሞ ማኅተም መምቻ ናት አለ፤ ዕድሜ ልኩን ቴምብር ላይ ማኅተም ሲያሳርፍ የኖረ ሰው ሌላ ምን ይታየዋል? አማቼን ግን ምኑን ልንገርሽ! ቀያሽ ነው፤ ባለ ሦስት እግር መነጽሩን ተክሎ ቀን መሬት ሲለካ ይውላል፣ ቤት ሲገባ እኔን ይለካል። «አባባ፣ ቁጥር የሌለው መለኪያ የለም» አለኝ። «አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር፤ ማን እንዲያነብለት ነው ቁጥር የሚጽፍባት?» አልኩት። ሳቀና ኃላፊዋ ባዶውን የተወችውን ካርድ ስቦ «የልጆች መጫወቻ» ብሎ ጻፈ። አባታችን መጫወቻ ሊሠራ! ለእኛ ለልጆቹ እንኳ ያልሠራውን!

ይህን ከምሰማ ብዬ ብረቷን ይዤ ጓሮ ወጣሁ፤ ተከትለውኝ መጡ። አባታችን ጋሪ ፈላጊ ሲጠፋ ሳይጨርሰው የተወው የመጨረሻው የጋሪ መንኮራኩር አሁንም ጣሪያው ሥር አለ። ሊያለብሰው የሠራለት የብረት ቀለበትም አጠገቡ ተደግፏል። ብረቷን በእንጨቱ ዙሪያ አስኬድኳት። ስምንት ጊዜ ዞረችና ትንሽ ጨመረች፤ የቆመችበትን ጠርዟ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ። «አያችሁ? ዙር ለመቁጠር ፊደል አያስፈልግም!» አልኳቸው። ከዚያ በቀለበቱ ውስጥ ለውስጥ አስኬድኳት። ስምንት ዞረች፤ ጠመኔው ጋ ሳትደርስ ግን ቀለበቱ አለቀ። አንድ ጣት ያህል ጎደለ። ደግሜ ለካሁ፤ ያው አንድ ጣት። ቀለበቱን አንሥተን ልንገጥመው ሞከርን፤ አልገባም አለ። አማቼ እጁን አጣምሮ፣ «እንግዲህ አባባ፣ ወይ መጫወቻ ናት፣ ወይ አባትዎ ለክተው ተሳስተዋል፤ አንዱን ይምረጡ» አለኝ።

እትዬ፣ ደሜ ፈላ! ከቤቴ ውጣ ልለው ነበር፤ ጣሪያውን ያደሰው እሱ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ብቻ ሐሙስ ሕዝብ በተሰበሰበበት አባታችን ወይ አሻንጉሊት ሠሪ ወይ ልክ የማያውቅ ሊባል ነው፤ እኔ ልጁ ቆሜ እያየሁ።

ይበልጥ ያንገበገበኝን አንቺ ታውቂዋለሽ። ለሰው ሁሉ «ከአባቴ መስፍ ተለይቼ አላውቅም» እላለሁ። ተለይቻለሁ። ጋሪ በሚሠራባቸው በእነዚያ ሰባት ዓመታት ተኳርፈን ድንጋይ ፈለጣ ሄጄ ነበር። ታርቄ ስመለስ ዘመኑ የመኪና ሆኖ የበር ማጠፊያ ስንቀጠቅጥ ኖርን። ወናፉን የነፋሽው፣ ከጎኑ የቆምሽው አንቺ ነሽ። እሱ ሲሞት ግን «ሴት በመዶሻ ምን ታደርጋለች?» ብዬ ዕቃውን ጠቅልዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። አንቺም ባዶ እጅሽን ሄድሽ። ይኸው የማላውቀውን ዕቃ ታቅፌ ቀረሁ።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገርም አለ። በኩርፊያው ጊዜ አንድ ቀን መጥቼ ነበር። በሩ ላይ ደርሼ ኩራቴ አላስገባኝም። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ አባታችን እንደ ፍም የቀላ ቀለበት በጉጠት አንሥቶ መንኮራኩሩ ላይ ጣለው፤ እንጨቱ ተንጣጣ፣ ግቢው ጭስ በጭስ ሆነ። «አፍስሺ!» ብሎ ጮኸ። አንቺም ባልዲሽን ይዘሽ ዙሪያውን እየሮጥሽ ውሃ ስታፈስሺ እንፋሎቱ ሁለታችሁንም ዋጣችሁ። ስትስቁ ሰማሁ። ድምፄን ሳላሰማ ተመለስኩ።

ቆይ። ፖስተኛው፣ አትጻፍ። ግድ የለም፣ ይህንንም ጻፍ። ቀለበቱ የጋለ ነበር! ብረት ሲግል ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። አርባ ዓመት ብረት የቀጠቀጥኩ ሰው ይህ ይጠፋኛል? አባታችን አልተሳሳተም፤ አንዷን ጣት ያጎደላት ሆን ብሎ ነው። በእሳት ሰፍቶ ይገባል፤ አንቺ ባፈሰስሽው ውሃ ተሰብስቦ እንጨቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ልክ የሆነ ቀለበትማ ገና ከግቢ ሳይወጣ ወልቆ ይቀራል። ያቺ ብረት የጋሪ መንኮራኩር መለኪያ ናት። ይምጣና ይስማኝ ቀያሹ!

ደብዳቤው ከሐሙስ በፊት እንደማይደርስሽ ፖስተኛው ነግሮኛል፤ ይህን እንኳ ያውቃል። ስለዚህ መልስሽን አልጠብቅም። ሐሙስ ጠዋት ኃላፊዋን ጓሮ ጠርቼ ቀለበቱን ፊቷ አግላለሁ። ጉጠት የሚይዙልኝ ሁለት በያጆች ከመንገዱ ማዶ ካለው ጋራዥ ይመጣሉ። ባልዲውን የሚይዘው አማቼ ነው፤ «አፍስስ!» የምለው እኔ ነኝ። በካርዱ ላይም እንዲህ ይጻፋል፦ «የጋሪ መንኮራኩር መለኪያ። አንጥረኛውና ሴት ልጁ የሠሩባት።» ስለ እኔ ምንም አይጻፍ። ዐውደ ርዕዩ ሲያበቃ ብረቷ ወደ አንቺ ትመጣለች፤ ድሮም ያንቺ ነበረች። አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ፤ የምትጎድለው ጣት የእሱ ጣት ናት ወይስ የማንም? የእሱ ወፍራም ነበር።

ለባለቤትሽ ለልብስ ሰፊው ሰላም በይልኝ፤ የላከልኝ ሱሪ አሁንም ይጠበኛል፣ እሱም ጣት አጉድሎ ይሆናል። ጉልበትሽን የምታሽልሽን ነርሷን ልጅሽን መርቂልኝ። ለአኩራፊው ልጅሽ፣ በር ላይ ደርሶ መመለስ ዕድሜ ልክ እንደሚቆጭ ንገሪው። የልጅ ልጆችሽን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ። ፊርማዬ ያው አውራ ጣቴ ነው።

ከአባታችን ግቢ፣ ከጓሮው በር አጠገብ፣ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ።

በል ፖስተኛው፣ ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ። የአጥሩ ቀዳዳ ጋ ስትደርስ ግን ድምፅህን ዝቅ አድርግ፤ ልጄ ወጥ ቤት ናት።