«በአጭር ሕመም» የማይባልላቸው እትዬ በረኪና

የሥራ ጓደኞቻቸው «እትዬ በረኪና» የሚሏቸው የላውንደሪ ሠራተኛ፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በአንዲት ባለአንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ስድስተኛ ክፍል ሳሉ አባታቸው በማረፋቸው ትምህርቱን ትተው ሥራ ያዙ። በሃያ ዓመታቸው በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠሩ። ቅጽል ስማቸው የወጣላቸውም እዚያው ነው፤ ከአንሶላም ከሰው ወሬም እድፍ ሳያስለቅቁ አይተዉም ነበርና። የሆቴሉን አሳንሰር ጠጋኝ አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ የሟች ታናሽ ወንድማቸውንም ልጅ ከልጃቸው ሳይለዩ አሳደጉ።

ሃምሳ ዓመት ሳይሞላቸው እግራቸው ያብጥ፣ ሽንታቸው አረፋ ያበዛ ጀመር። ሆስፒታል ሄዱ፤ ያየቻቸው ሐኪምም መርምረው ሳይደብቁ ነገሯቸው፤ ለዓመታት ሳይታወቅ በጉበታቸው ከኖረ ቫይረስ የሚራገፉ፣ አንቲጂን የሚባሉ ቁርጥራጮች ከደማቸው ጋር ይዞራሉ፤ የሰውነት መከላከያ ያንቃቸዋል፤ እንደተናነቁም ሄደው የኩላሊት ወንፊት ላይ ይለጠፋሉ፤ ወንፊቱም ይቆስላል። እትዬም «የፎጣ ብናኝ ማሽኑን እንደሚደፍነው በሉኛ!» ብለው ሐኪሟን አሳቋቸው።

ወሬው ላውንደሪ ሲደርስ ግን የሳቀ የለም። ብርጭቋቸው ተለየ። ወጣቱ ተቆጣጣሪ «እትዬ፣ አንሶላ ባይነኩ ይሻላል፤ እንግዳ ይሸሻል» አላቸው። «በብርጭቆና በአንሶላ አይተላለፍም አንተ! ከፈራህ ክትባት አለልህ» ብለው ከካውያው አጠገብ ንቅንቅ አላሉም። ሐኪሟን ለምነው የክፍሉን ሰው ሁሉ አስከተቡ፤ ተቆጣጣሪው መርፌውን ሲያይ ዓይኑን ጨፍኖ የእሳቸውን እጅ ጭምድድ አድርጎ ያዘ። «ደምሽ ከዳሽ» ላሏቸው ዘመዶችም «ደሜማ ለእኔ ሲጣላ ነው የኖረው፤ ማንም እንዳይሰድብብኝ!» አሉ።

መድኃኒቱ ዓመታት ጨመረላቸው። ኩላሊታቸው ሲደክም የኩላሊት እጥበት ጀመሩ፤ «እንግዲህ እኔም በተራዬ ልታጠብ» እያሉ፣ በማይታጠቡበት ቀን ሥራ ይገቡ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ንጋት ላይ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። ታላቅ ወንድማቸው «ሰው ፊት ምን ያስነብባል? በአጭር ሕመም በሉና እለፉት» ብለው ነበር። እትዬ ግን ልጃቸውን «የበሽታዬን ስም ሳትጠሩ እንዳትቀብሩኝ፤ ከደበቃችሁት ሳይመረመር የሚቀር ሰው አለ» ብለው አስምለዋታል። ስለዚህ ይነበባል፤ እትዬ በረኪና ያረፉት የጉበት ቫይረስ ባመጣው የኩላሊት ሕመም ነው። አጭር አልነበረም፤ ከአሥር ዓመት በላይ ታግለውታል፤ አንድ ቀንም አላፈሩበትም።

ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ ያሳደጉት የወንድማቸው ልጅና ታላቅ ወንድማቸው አሉ። ወንድማቸው ትናንት ከእትዬ ልጅ ጋር ሄደው ደማቸውን ተመርምረዋል፤ ይህ እንዲነበብ የፈቀዱትም ከዚያ ሲመለሱ ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን አንገቷን ሳትደፋ በምትቀመጥበት ያሳርፍልን።