የአሥራ ሁለት ደረጃ ዳገት

ይድረስ ለእናቴ፣ ሮብ ገበያ።

በዚህ ሐዘን እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ ተሻለዎ? እኔ ከሐዘኑ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ደብረ ማርቆስ ለጣሊያኑ ሐኪም የልብ ምርመራ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እሺ፣ ሁሉንም አይደለም፤ ማዳመጫውን የያዘው እሱ ነው፣ እኔ የያዝኩት መጥረጊያውን ነው። ይህን ደብዳቤ ግን በገዛ እጄ ጻፍኩት። ማታ ማታ ፊደል መቁጠር ከጀመርኩ አራት ወሬ ነው፤ መሪጌታም እንዳንተ ያለ ተማሪ አይቼ አላውቅም ይሉኛል። ለምስጋና ይሁን ለስድብ አልጠየቅሁም።

አባቴ እንዴት እንደሞቱ ሰው ልከው ጠይቀውኛል። መንገዱን ወታደር ዘግቶት እዚሁ ቀበርናቸው፤ እርስዎም ፊታቸውን ሳያዩ ቀሩ። ስለዚህ ልንገርዎ።

ሊታከሙ ወደዚህ የመጡ ዕለት ሐኪሙ አልጋ ላይ አስተኝቶ አዳመጣቸው። አስተርጓሚው በሽር፣ የወይፈን ልብ ነው ያለዎት፣ ይሂዱ ብሏል አላቸው። አባቴም ሳቁና፣ የኔ በሽታ ተኝቶ አይገኝም፣ ዳገት ላይ ነው የሚጠብቀኝ አሉ።

እኔ ታዲያ ዝም እላለሁ? የሐኪም ቤቱን ደረጃ አስወጥቶ ያዳምጣቸው ብዬ አስነገርኩ። በሽር፣ ጠራጊውም ሐኪም ሆነ እያለ ተረጎመልኝ። ሐኪሙ ግን ጥቂት አሰበና እሺ አለ።

ደረጃው አሥራ ሁለት ነው። አባቴ ወጡ፣ ወረዱ። ሐኪሙ ሰዓቱን እያየ የእጃቸውን ትርታ ቆጠረ፤ ምንም። ደገሙት፤ ላብ ብቻ። ሐኪሙ በቃ ብሎ ማዳመጫውን ከአንገቱ አወለቀ። በሽር ወደ እኔ ዞሮ፣ ዶክተር፣ መጥረጊያህ ይጠራሃል አለኝ። የተሰበሰበው በሽተኛ ሁሉ ሳቀብኝ። ያን ጊዜ አባቴ፣ ግድ የለም፣ አንድ ልጨምር አሉ።

ዘጠነኛው ደረጃ ላይ ደረታቸውን ይዘው ቆሙ። ሐኪሙ ሮጦ ደረሰ፤ የልባቸው የደም መንገድ ጠቧል፣ ልጁ እውነቱን ነው አለ። እኔም ወደ በሽር ዞሬ፣ ሰማህ? አልኩት። መለስ ስል አባቴ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር፤ ትንፋሽ ግን አልነበራቸውም።

ዛሬ ሐኪሙ ደረቴን አመመኝ ብሎ የመጣን ሁሉ ደረጃ ያስወጣል፤ ሕመሙ ገና ብቅ ሲል ያስቆማል። ነጋዴዋ ወለላ በዚህ ዘዴ በሽታዋ ታወቀላትና ባየችኝ ቁጥር ትመርቀኛለች። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ደረጃውን በየጠዋቱ እጠርጋለሁ፤ ዘጠነኛውን ግን ተንበርክኬ በእጄ ነው የማብሰው።

መንገዱ ከተከፈተ ለአርባቸው እመጣለሁ። እግዚአብሔር ያጽናዎ፤ እኔን ሳያዩ አይውሰድዎ።

ልጅዎ

እምዬ፣ ከዚህ ሁሉ የፈጠርኩት አንዲት ነገር ናት። አባቴ አንድ ልጨምር አላሉም፤ አንድ ይጨምሩ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ደከመኝ ልጄ ነው ያሉት።