የማሾው ጥፋት በእኔ ስም ይጻፍ

ቀን፦ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቁልቋል በር ዘር አባዢ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር
ለሥራ አመራር ኮሚቴ ሰብሳቢ ለተከበሩ አቶ ጣሰው ደስታ
ቁልቋል በር፣ ስማዳ

አመልካች፦ ወ/ሮ አልጣሽ ፊልጶስ፣ ዕድሜ 76፣ ጡረተኛ መምህርት፣ የዚሁ ቀበሌ ነዋሪ

ጉዳዩ፦ በሟቹ ልጄ በላቀው ዘመኑ ላይ የተጻፈው ቃል እንዲሰረዝና በማሾው ሰብል ላይ የደረሰው ጥፋት በእኔ ስም እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፤

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ስለ ራሴ የሚወራውን አንድ ነገር ማረም አለብኝ። «አልጣሽ ዘሩ ከቤቴ አልወጣም ብላ ካደች» እየተባለ በወገዳ ገበያ ሳይቀር ይነገራል። ሐሰት ነው። የታመመው የማሾ ዘር ከቤቴ ወጥቷል። ጎተራውን የከፈትሁት፣ በቁና የሰፈርሁት፣ ለአሥራ አንድ ቤተሰብ በእጄ ያስረከብሁት እኔ ነኝ። ጥቅምት 27 ቀን በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስናገር ያዩኝ ሰዎች የምክድ መስሏቸው ይሆናል። የተከራከርሁት ግን ስለ ዘሩ ሳይሆን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስለተጻፈው ስም ነበር። ያን ዕለት ከቁጣ የተነሣ ያልታረመ ቃል ወጥቶኝ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህንንም የምጽፈው የቀድሞ መምህርዎ እንደ መሆኔ ሳይሆን እንደ ማንኛውም አመልካች ነው።

በሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ቃል እንዲህ ይላል፦ «አቶ ላቀው ዘመኑ በማሳቸው ላይ በሽታ መኖሩን እያወቁ ደብቀው ዘር በማከፋፈላቸው ከመሥራች አባላት ዝርዝር ተሰርዘዋል።» ይኸው ቃል እሑድ ኅዳር 22 ቀን በጠቅላላ ጉባኤው ላይ በንባብ እንደሚሰማ ተነግሮኛል። ከዚያ በፊት የነገሩን አመጣጥ እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

1. ላቀው በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ከወንዙ ዳር ባለው ማሳው ላይ ማሾ ዘራ። የዚያ ዓመት ዝናብ ነሐሴን ሙሉ አላባራም። ልጄ ማሳውን በየጊዜው እየዞረ ያየውን በደብተር የመጻፍ ልማድ ነበረው፤ ልማዱን ያስያዝሁት እኔ ነኝ። ቀን የሌለበትን ጽሑፍ እንደ ጽሑፍ እንዳይቆጥር ከልጅነቱ አስተምሬዋለሁ፤ እኔም ደብረ ታቦር ስማር በአለንጋ የተማርሁት ይህንኑ ነው። እኔ የግብርና ባለሙያ ስላልሆንሁ በሽታውን በራሴ ቃል አልገልጸውም። የእርሱን ቃል እንዳለ እገለብጣለሁ፦

«ነሐሴ 28። በታችኛው ቅጠል ላይ ክብ ነጠብጣብ። መሐሉ እንደ አመድ፣ ዳሩ እንደ ዛገ ብረት። በወንዙ ወገን ይበዛል።

ጳጉሜን 4። ነጠብጣቡ እርስ በርሱ ተያያዘ። ቅጠሉ ጊዜው ሳይደርስ ይረግፋል። ጤዛው ሳይለቅ አራሚ አስገብቼ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በሽታው አራሚዎቹ የሄዱበትን መስመር ተከትሏል። የግብርና ባለሙያዋን ጠየቅሁ፤ ፈንገስ ነው፣ በገለባም በዘርም ይሻገራል አለችኝ። የአደንጓሬውንም ቅጠል አይቼ እንድመጣ ነግራኛለች።

መስከረም 9። ፍሬው ቀጭን። ይህ ማሾ ለዘር አይሆንም፤ ይበላ። ገለባው ወደ ማሳ አይመለስ፤ ይቀበር። ሁለት ዓመት ማሽላ ወይም ጤፍ ይዘራበት። ለማኅበሩ ይነገር።»

ልጄ በእጁ የጻፈው የመጨረሻው ቃል «ለማኅበሩ ይነገር» የሚለው ነው። መስከረም 11 ቀን በወባ ተኛ።

2. ከዚህ ቀጥሎ ያለውን እስከ ዛሬ ለማንም በጽሑፍም በቃልም አልተናገርሁም። መስከረም 16 ቀን ከቀትር በኋላ ትኩሳቱ ትንሽ ጋብ ብሎለት ነበር። ባለቤቱ አመተ ሥላሴ ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች። አጠገቡ የነበርነው እኔና የንስሐ አባቱ መምሬ እንድርያስ ነን። «እማዬ፣ ስለ ማሾው አንድ ነገር ልንገርሽ» አለኝ።

እርስዎ የአገሩ ሰው ስለሆኑ ያውቁታል፤ የታመመ ሰው ስለ ከብቱና ስለ እህሉ መናገር ሲጀምር ኑዛዜ ጀመረ እንላለን፤ ቤተሰቡም ከዚያ ወዲያ ተስፋ ይቆርጣል። አባቱም ታሞ ሳለ በበሬዎቹ ጀምሮ በመቃብሩ ቦታ ነው የጨረሰው። ስለዚህ «ዝም በል፤ ስትነሣ ራስህ ትናገረዋለህ» ብዬ አቋረጥሁት። ቆይቶ ሁለተኛ ጀመረ። መምሬ እንድርያስ «ተይው ይናገር እንጂ፤ ቃል ሞትን አያቀርብ፣ አያርቅ» አሉኝ። እኔም ለካህን በማይገባ አነጋገር «አባቴ፣ እርስዎም ይተዉ፤ ልጄ ገና አልሞተም» አልኋቸው። ሦስተኛ ሊጀምር ሲል አፉን በእጄ ያዝሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መስከረም 19 ቀን ዐረፈ።

ዝም በል ስለው ዕድሜውን የማስረዝምለት መስሎኝ ነበር።

መምሬ እንድርያስ የሰሙት በንስሐ ጊዜ ስላልሆነ ለመመስከር የሚከለክላቸው ነገር እንደሌለ ነግረውኝ፣ ቃላቸውን በፊርማቸው ሰጥተውኛል።

3. በጥቅምት ወር 2016 ዓ.ም. ጎረቤቶች «የላቀው እህል ሜዳ ላይ አይቀርም» ብለው በደቦ ወጡ። ሳይጠሩ ነው የመጡት። አጭደው ከጋራ ዐውድማችን ላይ ሲያደርሱ፣ ለሟች ክብር ሲሉ «የእርሱ ይቅደም» አሉና የእርሱን ማሾ ከሁሉ አስቀድመው አበራዩ። ከዚያ በዚያው ዐውድማ፣ በእነዚያው በሬዎች፣ የየራሳቸውን አበራዩ። ገለባውንም ለከብት ተካፈሉት፤ የከብቱም ፍግ ተመልሶ ወደየማሳው ሄደ። እኔ ጥቁር ለብሼ ዐውድማው ዳር ቆሜ እመርቃቸው ነበር። ከልብ የመነጨ ደግነት ስለሆነ በዚህ ማንም ሰው እንዲወቀስ አልፈልግም። ደብተሩ ተከፍቶ ቢሆን ግን አንዲት እፍኝ ገለባ ከዚያ ባልወጣች ነበር።

ደብተሩ ከጋቢው ጋር በሣጥን ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው የሚውለው። ልከፍተው አልቻልሁም፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

4. በሰኔ ወር ሰዎች ዘር ፍለጋ መጡ። «የላቀው ዘር ካለ ሌላ አንሻም» አሉኝ። ስሙ በሰው አፍ ሲጠራ ስሰማ ደስ አለኝ፤ ይህንንም አልደብቅም። ሰባት ቀን ቁጭ ብዬ ማሾውን እንደ ምስር ለቀምሁ። የጨረጨሰውን፣ የጠቆረውን፣ ነጥብ ያለበትን ሁሉ አወጣሁ። ንጹሕ መሰለኝ። ያየሁትን ለቀምሁ፤ ያላየሁት ከዘሩ ጋር ሄደ። ሰኔ 28 ቀን ለአሥራ አንዱ ቤት እየሰፈርሁ ሰጠሁ።

5. ዓመቱ ሳይወጣ በአሥራ አንዱም ማሳ ላይ ያው ነጠብጣብ ታየ። ጳጉሜን 3 ቀን አመተ ሥላሴ አንድ ቅጠል ይዛ መጣች። «እማማ፣ አምና ላቀው እንዲህ ያለ ቅጠል አጠገቡ አስቀምጦ ሲጽፍ አይቼው ነበር» አለችኝ። ሣጥኑን የከፈትሁት ያን ጊዜ ነው። በዚያው ቀንና በማግስቱ በአሥራ አንዱም ቤት ዞሬ፣ ዘሩ ከእጄ እንደ ወጣ ተናግሬ፣ የደብተሩን ገጽ አነበብሁላቸው። በዘጠኙ ቤት ተቀምጬ እንዳነብ ወንበር ተሰጠኝ። በአንዱ በር አልተከፈተልኝም። በሌላው ወይዘሮ ቦጋለች ደጃፏ ላይ ቆማ ሰምታኝ ስታበቃ «ደኅና ነገር አወረሰን፤ ነፍሱን ይማር» አለችኝ። አምስት ልጆች ያሏት ሴት ናት፤ ማሳዋም ቅጠል አልባ ሆኗል። 

በጥቅምት የዘር ጥራት ተቆጣጣሪዎች መጥተው የማኅበሩ ማሾ በሙሉ ለዘር እንደማይሆን ወሰኑ። ጥቅምት 25 ቀን ማስታወቂያው ተለጠፈ።

6. ጥቅምት 27 ቀን እርስዎ በትዕግሥት አስቀምጠው የነገሩኝን አልረሳሁም። «እትዬ፣ ኮሚቴው ለእርስዎ አስቦ ነው። ማኅበሩ የጥፋቱን ምክንያት መጻፍ አለበት። የሞተ ሰው ምን ይሆናል? እርስዎ ግን ነገም ከነገ ወዲያም ገበያ ይወጣሉ» ብለውኛል። ደግነት መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ደግነቱን መቀበል አልቻልሁም።

የተጻፈውን ቃል በቃል ልመልከተው። «እያወቁ» ተብሏል፤ እውነት ነው፣ ያውቅ ነበር። «ደብቀው» ተብሏል፤ ሐሰት ነው፣ ሦስት ጊዜ ሊናገር ሞክሮ አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ። «በማከፋፈላቸው» ተብሏል፤ ይህ ደግሞ ሊሆን የማይችል ነው። መስከረም 20 ቀን የተቀበረ ሰው በሰኔ ወር ዘር አያከፋፍልም። ኮሚቴው ይህን ሳያስተውል ቀርቶ አይደለም፤ እኔን ለማዳን ሲል ዐይኑን ጨፍኖ ነው። እኔ ገበያ ወጥቼ ሰው ቢሰድበኝ መልስ መስጠት እችላለሁ፤ ዝም ማለትም እችላለሁ። ልጄ ሁለቱንም አይችልም። በሕይወት ሳለ አንድ ጊዜ ከልክዬዋለሁ፤ ከሞተ በኋላ ደግሞ በእርሱ ስም ተሸሽጌ ልኖር አይገባኝም።

ስለሆነም የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ) በሰሌዳውም በቃለ ጉባኤውም ላይ በላቀው ዘመኑ ስም የተጻፈው ቃል ተሰርዞ፣ በምትኩ «ወ/ሮ አልጣሽ ፊልጶስ የሟች ልጃቸውን ማስጠንቀቂያ ባለመስማታቸውና ደብተሩን ባለመክፈታቸው፣ የታመመ ሰብል ለዘር ሰጥተዋል» ተብሎ እንዲጻፍ፤

ለ) ስሙ ከመሥራች አባላት ዝርዝር ወደ ነበረበት እንዲመለስ፤

ሐ) ከዚህ ጋር ያያያዝሁት የደብተሩ ገጽ በጉባኤው ላይ እንዲነበብ። ላቀው ለማኅበሩ ይነገር ብሎ የጻፈው እስከ ዛሬ ለማኅበሩ አልተነገረም። የሚመጣው ሐምሌም ሩቅ አይደለም፤ ባቄላና አደንጓሬ የሚዘሩትም ቢሰሙት ይጠቅማቸዋል።

የማኅበሩ ሕግ በጥፋተኛ ላይ የሚጥለው ቅጣት ካለ ተቀብዬ እፈጽማለሁ። ኮሚቴው በእኔ ስም ለመጻፍ የሚከብደው ከሆነ፣ እሑድ ዕለት ቆሜ በራሴ አፍ እንድናገረው ይፈቀድልኝ። አጭር አደርገዋለሁ።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ከማመልከቻው ጋር የሚሄድ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ነገር ግን እሑድን ለምን እንደምፈራው ኮሚቴው እንዲያውቅ እጽፈዋለሁ። አመተ ሥላሴ ማንበብ አልተማረችም። ጥቅምት 26 ቀን ከሰሌዳው ፊት አቆመችኝና «እማማ፣ የእኛ ቤት ስም የቱ ላይ ነው? ምን ይላል?» አለችኝ። በጣቴ ስሙን አሳየኋት። «ዘሩ ታመመ ይላል» አልኋት። ሠላሳ አንድ ዓመት መስመር የዘለለ ተማሪ ሁሉ ከመጀመሪያው እንዲያነብ ሳስገድድ ኖሬ፣ የተጻፈ ነገር ዘልዬ ሳነብ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እርሷም ስሙን በጣቷ ዳስሳ «በደኅና ስለ ጻፉት እግዜር ይስጣቸው» ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። እሑድ በባሏ ምትክ ከአባላቱ መካከል ትቀመጣለች።

ስለዚህ ነገ በማለዳ፣ ይህን ማመልከቻ ይዤ ወደ እርስዎ ከመምጣቴ በፊት፣ ወደ አመተ ሥላሴ ቤት እሄዳለሁ። አስቀምጬ በሰሌዳው ላይ ያለውን ሙሉውን እነግራታለሁ። ቀጥዬ ይህን ማመልከቻ ከ«ጉዳዩ» ጀምሬ እስከ ፊርማዬ አነብላታለሁ፤ ሁለተኛውን አንቀጽም። እርሷ ውኃ ልትቀዳ በወረደችበት ሰዓት ባሏ ሊናገር ፈልጎ እንደ ነበረ የምትሰማው ያን ጊዜ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የምትለኝን ሁሉ ቆሜ እሰማለሁ፤ አላቋርጣትም።

አባሪ፦ የደብተር ገጽ ግልባጭ 1፤ የመምሬ እንድርያስ የምስክርነት ቃል 1

ውሳኔዎን በትሕትና ከመጠበቅና ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አልጣሽ ፊልጶስ
(ፊርማ)
የላቀው ዘመኑ እናት